በለቅሶ ቤት የታሸገ ውሃና የሚጣል ሳህን እንዴት ቀነስን? የእናንተ እድር ምን ያደርጋል?

የእድር ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ በኩል ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ነገር የለም። ለቅሶ ቤትን ግን አውቀዋለሁ።

ድሮ ድንኳኑ ሲተከል ከእድር ዕቃ ቤት ሳህኑና ብርጭቆው በሳጥን ይመጣ ነበር። ውሃ በጆግ ይዞራል፣ ንፍሮ በሳህን ይቀርባል። ከጊዜ በኋላ ይሄ ቀስ እያለ ቀረ። አሁን አስከሬኑ ገና ሳይወጣ ዘመድ ሮጦ የታሸገ ውሃ በእሽግ በእሽግ ያስወርዳል። ንፍሮው በሚጣል ፕላስቲክ ሳህን ይታደላል። አንድ ሳልስት ማታ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስንለቅም አሥራ አንድ ማዳበሪያ ሞላን። ብዙው ፕላስቲክ ውስጥ ውሃው አላለቀም። ሁለት ጉንጭ ተጠጥቶለት የተቀመጠ ነው።

ክረምት ሲገባ ከእድሩ ቤት ጀርባ ያለው ቱቦ ተደፈነና ጎርፉ ሁለት ቤት ገባ። አንዱ የአንድ አቅመ ደካማ አባላችን ቤት ነበር፤ ፍራሻቸው ሳይቀር ራሰ። ወንዶቹ ቱቦውን በአካፋ ሲከፍቱ አብሬ ቆሜ ነበር። ፌስታል ወጣ፣ የውሃ ፕላስቲክ ወጣ፣ ከዚያ አንድ ሳህን ወጣ። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው። አወቅሁት። ከሦስት ሳምንት በፊት ንፍሮ የበላሁበት ዓይነት ነው።

በወሩ ስብሰባ ተነስቼ ተናገርኩ። ሁሉም «ልክ ነሽ» አለ። አጨበጨቡልኝም። በሚቀጥለው ለቅሶ የውሃው እሽግ እስከ ድንኳኑ ወገብ ተከምሮ አገኘሁት።

ተናደድኩ። ግን ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ቡና በጠጣሁበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ። «አንቺ ራስሽ ይሄን ነገር ትወጂዋለሽ?» መልሱ አንድ ዓይነት ነው። «እኔማ አልወደውም። ወጪውም አንገቴን ነው የሚያንቀኝ። ግን ሰው ምን ይለኛል? ለእናቷ ውሃ እንኳ መግዛት አቃታት ይሉኛል።» አንዷም፣ ሌላዋም፣ ሦስተኛዋም። ሁሉም የሚፈራው ሌላውን ነው፤ ሌላው ደግሞ እሱን ይፈራል።

ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው እናት ባለቤታቸው አረፉ። በመጀመሪያው ቀን አስጠሩኝ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ «ልጄ፣ ሳህኑን አውጪ» አሉኝ። «ውሃውም በጆግ ይሁን። እሱ ዕድሜውን ሙሉ በብርጭቆ ነው የጠጣው።» ልጆቻቸው ደኅና ኑሮ እንዳላቸው ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ማንም «አጥተው ነው» ማለት አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ለቅሶ አሳልፈናል። በሰባቱ የእድሩ ዕቃ ወጥቷል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እኔ አንድ ሰዓት ተናግሬ ያልሆነው እሳቸው በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዴት ሆነ? በእናንተ ሰፈርስ እንዴት ነው?

---

መምህር ከስድስት ኪሎ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ጎርፍ ለገባባቸው አባላችሁ አዝናለሁ።

ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ቡና እየጠጣሽ ያገኘሽው ነገር በሙያችን በደንብ የታወቀ ነው። አንድን ነገር እያንዳንዱ ሰው በልቡ አይወደውም፤ ግን ሌላው ሁሉ የሚወደው ስለሚመስለው አብሮ ያደርገዋል። አመለካከቱ ቀድሞም ከአንቺ ጋር ነበር። የጠፋው የጎረቤቱን አመለካከት የሚያይበት መንገድ ነው።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው የካሊፎርኒያ ጥናት አለ። ቻልዲኒ የሚባል ምሁርና ባልደረቦቹ ሰዎችን «መብራት የምትቆጥቡት ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ለአካባቢ ብዬ፣ ለገንዘቤ ብዬ፣ ለማኅበረሰቡ ብዬ የሚሉት መልሶች ከላይ ተቀመጡ። «ጎረቤቶቼ ስለሚያደርጉት» የሚለው መጨረሻ ወጣ። ሰዎቹ በተግባር ከሚቆጥቡት ጋር ሲታይ ግን ከሁሉም ይበልጥ የተያያዘው ያ መጨረሻ የወጣው መልስ ነበር። በጎረቤት እየተመራን መሆናችን ለራሳችንም አይታወቀንም።

በዚያው በካሊፎርኒያ፣ ሳን ማርኮስ በምትባል ከተማ፣ ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ሙከራ ተደረገ። ለየቤቱ የራሱ የመብራት ፍጆታና የሰፈሩ አማካይ ተጽፎ ተሰጠው። ከአማካዩ በላይ የነበሩት ቀነሱ። ከአማካዩ በታች የነበሩት ግን ጨመሩ! «ለካ እኔ ብቻ ነኝ የምቆጥበው» ብለው ላላ አሉ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ትንሽ የፈገግታ ምልክት ሲጨመርላቸው ግን ባሉበት ጸኑ። «ያደረግኸው ጥሩ ነው» የሚል ምልክት በቃቸው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በስብሰባው ላይ ምን ብለሽ ነበር የተናገርሽው? ቃሉን ታስታውሽዋለሽ?

---

የእድር ጸሐፊ

መምህር፣ አስታውሰዋለሁ። «ሁላችንም በየለቅሶው ፕላስቲክ እያዝረከረክን ነው፤ አንድም ቤት ከዚህ የጸዳ የለም» ነው ያልኩት። ትዝ ሲለኝ አሁንም ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

---

መምህር ከስድስት ኪሎ

ለክፋት እንዳላልሽው ግልጽ ነው። ግን ሰው ከዚያ የሰማው «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውን ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ድንጋይ የሆኑ ጥንታዊ ግንዶች ያሉበት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ጎብኚዎች ስብርባሪውን እየሰረቁ አስቸገሩ። «ብዙ ጎብኚዎች እየወሰዱ ፓርኩን እየጎዱት ነው» የሚል ጽሑፍ በተሰቀለበት መንገድ ስርቆቱ ባሰ። «እባክዎ አይውሰዱ» ብቻ ባለው መንገድ ግን በጣም ያነሰ ነበር። እኛም «ሕዝባችን ቆሻሻ መጣል አይተውም» ባልን ቁጥር ለሚጥለው ሰው ጓደኛ እየሰጠነው ነው።

እትዬ ግን ሌላውን አልከሰሱም። የራሳቸውን ባል ስም ጠርተው የራሳቸውን ድንኳን ነው ያዘዙት።

---

ልጅ እግር 27

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን እስካሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሳህኑን የሚያጥበው ማነው?

እናቴ የአንድ ማኅበርና የሁለት እድር አባል ናት። ለቅሶ በመጣ ቁጥር እኔና እህቴ ነን ከጓሮ የምንቀመጠው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሳፋ ቀድተን፣ በኦሞ አጥበን፣ በሌላ ሳፋ አለቅልቀን፣ ሁለት መቶ ሳህን። እጄ ተላልጦ ቢሮ የገባሁበት ጊዜ አለ። የሚጣለው ሳህን ሲመጣ እናቴ «ተመስገን፣ ልጆቼ አረፉ» ነው ያለችው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ፕላስቲኩ ቱቦ እንደሚደፍን አውቃለሁ። ለአካባቢ ያለኝ አመለካከት ከማንም አያንስም። ግን «ወደ ድሮው እንመለስ» ሲባል ድሮ ማን ጎንበስ ብሎ ይውል እንደነበር አብሮ ይነገር። ካልተነገረ ወጣት ሴቶች በዝምታ እንቃወመዋለን። ስብሰባ ላይ አጨብጭበን ሱቅ ሄደን ፕላስቲኩን እንገዛለን።

---

የእድር ጸሐፊ

እህቴ፣ ይሄን ጽሑፍሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዘጠኝ ለቅሶ፣ በሰባቱ ዕቃው ወጣ ብዬ ነበር። ሁለቱ ለምን ቀሩ? በሁለቱም ቤት ሴት ልጅ የለችም። አንደኛው ቤት ወንድ ልጆች ብቻ ናቸው፤ ሌላኛው ደግሞ ብቸኛ ሰው ነበሩ። «የሚያጥብ የለንም» አሉኝ። እኔም ጽፌ አለፍኩት። ምን ማለት እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

የፊታችን እሁድ ስብሰባ አለን። አቀርበዋለሁ።

---

ነርሷ

አንድ የጤና ነገር ልጨምር። ሰው የታሸገ ውሃ የሚመርጠው ለይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ በሽታም ይፈራል። የሚፈራውም በከንቱ አይደለም። በክረምት ተቅማጥና ታይፎይድ ይዘው የሚመጡ ብዙ ሰዎች እናያለን። በጆግ የሚዞረው ውሃ ከየት እንደተቀዳ፣ ብርጭቆው በምን እንደተለቀለቀ ያልታወቀበት ለቅሶ ቤት እኔም አልጠጣም።

ስለዚህ ከሳህኑ ጋር ውሃውም ይታሰብበት። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍ ያለ ቦታ ውሃው ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ሲንፈቀፈቅ ይፈላና ይቀዝቅዝ፤ ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ካልሆነም ባለ 20 ሊትሩ ተመላሽ ጃር ይሻላል። አንድ ጃር ከግማሽ ሊትሩ አርባ ፕላስቲክ ያስቀራል። «ይሄ የፈላ ውሃ ነው» ተብሎ በጽሑፍ ቢለጠፍ ደግሞ ሰው ያለ ስጋት ይጠጣል።

---

ሕግ ይቅደም

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አቅጣጫ አልስማማም። የምታደርጉት ነገር የሚያስመሰግን ነው። ግን ችግሩን በእናቶች ለቅሶ ላይ ብቻ ማንጠልጠል ፋብሪካውንና መንግሥትን ነፃ ማውጣት ነው። ሰፈር ውስጥ ስንት ለቅሶ አለ? ሱቅ ግን በየቀኑ ነው። አንድ ኪሎ ቲማቲም በአንድ ፌስታል፣ አንድ ሎሚ በሌላ ፌስታል። ሕግ ወጥቶ ዋጋው ቢከብድ ሰው በሳምንት ይለምዳል።

---

ከቤርሼባ

ወንድሜ ሕግ ይቅደም፣ ከእስራኤል ያየሁትን ልንገርህ። እዚህ አገር ሁለቱንም አይቻለሁ።

ከ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ለአንድ ፌስታል 10 አጎራ ያስከፍላሉ። ይሄ ከምንም የማይቆጠር ሳንቲም ነው። ሆኖም እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሪዋን እየጎተተች ነው ገበያ የምትወጣው። ገንዘቡ ከብዷት አይመስለኝም። ገንዘብ ተቀባይዋ «ፌስታል ትፈልጊያለሽ?» ብላ ሰው እየሰማ ስትጠይቃት «አልፈልግም» ማለት ደስ ይላታል።

በ2021 ኅዳር ደግሞ በሚጣሉ ሳህንና ኩባያዎች ላይ ግብር ተጣለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሃሬዲዎቹ፣ ማለትም ብዙ ልጅ ያላቸው አጥባቂ ሃይማኖተኞች፣ «ይሄ እኛን ለመጉዳት የታሰበ ነው» አሉ። ለሰንበት ትልቅ ቤተሰብ የሚያበላ ሰው በሚጣል ሳህን ነው የሚገላገለው። የሚጣለው ሳህን የማንነት ጉዳይ ሆነና አረፈው። መንግሥት ተቀየረ፤ በ2023 መጀመሪያ ግብሩ ተሰረዘ። አንዱ ሕግ ሲጸና ሌላው ፈረሰ።

በእኛ በቤተ እስራኤል ሐዘንና ሠርግም የሚጣል ሳህን ሞልቷል። ልጅ እግር ያለችው በትክክል የእኛም ነገር ነው። አክስቶቼ ከፋብሪካ ፈረቃ መጥተው ሳህን ማጠብ አይችሉም። መጀመሪያ ያንን ሳይጠይቅ ግብር የጣለባቸው ሰው ይሰድባቸዋል እንጂ አያስተምራቸውም።

---

ሕግ ይቅደም

ከቤርሼባ፣ የግብሩን ነገር አላውቅም ነበር። አስተማርከኝ።

እኔም ወደ ራሳችን አገር ስመለስ አንድ ነገር አስታወስኩ። የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለው ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ያን ጊዜ ነው የተከለከለው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስንቱን ስስ ፌስታል ይዤ ቤቴ ገብቻለሁ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ የአንድ ጊዜ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል፤ ይዞ የተገኘም ይቀጣል። አሁን ይሄኛው እንዲጸና እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው የቀረው ወረቀት ላይ ስለነበረ ነው፤ ሱቁም ገዢውም አብረው አላወቁትም። አሁንም ሕግ ያስፈልጋል እላለሁ። ግን ሰው ተነጋግሮ የተቀበለው ሕግ እንደሚጸና አሁን አምናለሁ።

---

የእስቴ ልጅ

እኔ የደቡብ ጎንደር ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ከተራራ ላይ ቁልቁል ስታዩ ማሳው ራቁቱን ነው። በመካከሉ እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነጥብ ታያላችሁ። እያንዳንዱ ነጥብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ዋንዛው የቀረው እዚያ ብቻ ነው። ካህናቱ «ደኑ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው» ይላሉ። ያለ ደን ቆማ ማየት እንደ ራቁት ሰው ያሳፍራቸዋል።

ማንም ዘበኛ አልቆመለትም። ሰው አይቆርጠውም፤ አለቀ። የገዛ ማሳው ዳር ያለችውን ዛፍ የሚቆርጠው ያው ሰው ግቢው ውስጥ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል።

ሆኖም ከብቱ አያውቅም። ገብቶ ችግኙን ይበላል፤ ደኑም ከዳር ዳር ያልቃል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ የዚያው አካባቢ ተወላጅ የደን ተመራማሪ፣ ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት ሳይንቲስት ጋር ሆነው ይህን ለካህናቱ አሳዩ። ካህናቱ ያመጡት መፍትሔ የድንጋይ አጥር ነው። ድንጋዩን ገበሬው ከማሳው ለቅሞ አመጣ። ማሳው ለእርሻ ተመቸ፣ ደኑ ተከለለ። ገበሬውን «ለሳይንስ ብለህ ድንጋይ ተሸከም» ቢሉት አይሸከምም ነበር። የአጥቢያው ሰው ሁሉ ሲሸከም አይቶ ግን እሱ ብቻውን አይቀመጥም።

የሚያሳዝነኝን ልናገር። ብዙ ቦታ ያ ክብር አጥሩ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት «የማንም» ነው። እህቴ የእድር ጸሐፊ፣ የእናንተም ቱቦ እንደዚያ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው የሁሉም ነው፤ ከድንኳኑ ጀርባ ያለው ቱቦ የማንም ነው። እድራችሁ ቱቦውንም የእድሩ ነው ቢል ምን ይሆናል? ሰው አንዴ «የእኛ» ካለው ነገር ላይ እጁን ይሰበስባል።

---

ፍራንክፈርት ያለሁ

በአጭሩ። ጀርመን ባዶ ፕላስቲክ ስትመልስ 25 የዩሮ ሳንቲም ይመለስልሃል፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደዚያ ነው። እኔን የገረመኝ ከገንዘቡ ይልቅ ሌላ ነገር ነው። መመለስ የማይፈልግ ሰው ጠርሙሱን ከቆሻሻ ገንዳው ውጭ፣ ከጎኑ ያቆመዋል። ለቅሞ የሚሸጥ ሰው እጁን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከት ነው። ይሄን ማንም ሕግ አላዘዘም። እኔም የመጣሁ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ሲያደርጉ አይቼ ነው የተማርኩት።

እኛም አገር ቆራሌው አለ። በሰፈራችሁ ባዶውን ፕላስቲክ ለይቶ ለእሱ ማስቀመጥ ይቻላል። ቆሼ ላይ በ2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት ብዙዎቹ ከቆሻሻው አጠገብ ኑሯቸውን የመሠረቱ ነበሩ። እነሱን ሳስብ ለይቶ ማስቀመጥ ለቆሻሻው ብቻ ብዬ የማደርገው አይመስለኝም።

---

የእድር ጸሐፊ

እሁድ ስብሰባው ተደረገ። ቃል ስለገባሁ እየጻፍኩ ነው።

የልጅ እግርን ጽሑፍ ስሟን ሳልጠራ ከስልኬ አነበብኩላቸው። «ሳህኑን የሚያጥበው ማነው?» ስል ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላ ከተቀመጡት ወጣት ሴቶች አንዷ «እውነቷን ነው» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ስድስት ዓመት ጸሐፊ ስሆን እነዚህ ልጆች ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

እትዬ ተነሱ። «እኔ በልጅነቴ ያጠብኩት ይበቃል ብዬ ነው ዛሬ በወንበር የተቀመጥኩት» አሉ። «ግን እኔ ስቀመጥ ሌላዋ ልጅ ጎንበስ እንዳለች አላየሁም።» ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞሩና ድንኳን ተካዮቹ ማን ማን እንደሆኑ ጠየቁ። አሥራ አራት ሰው ነው። «ድንኳን ለመትከል ተራ ካላችሁ ለሳህንም ተራ ይኑራችሁ» አሉ። አንድ አባል «ወንድ ልጅ ጓሮ ተቀምጦ ሳህን ሲያጥብ ለቅሶ ደራሹ ምን ይላል?» ብሎ አንጎራጎረ። የእድሩ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛ ወታደር ናቸው፣ «እኔ በጦር ሰፈር ለአንድ ሻምበል ድስት አጥቤያለሁ። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ይሁን» አሉ።

ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነው። ውሃ ለእጣቢ አንድ ሮቶ ይገዛል። አጣቢ በየለቅሶው ስድስት ሰው፣ ከወንድም ከሴትም፣ በተራ። የሚጠጣ ውሃ ፈልቶ ወይም በጃር። ከእድሩ ቤት ጀርባ ያለው ቱቦ ሰኔ ከመግባቱ በፊት በእድሩ ይጠረጋል። የሚጣል ሳህን የሚጠቀም ቤት አይቀጣም፤ ይሄን የጨመሩት እትዬ ናቸው። «ሐዘንተኛ አይቀጣም» አሉ።

---

ልጅ እግር 27

እያነበብኩ አለቀስኩ። እናቴ ጎኔ ሆና «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የእኛ እድር ስብሰባ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ነው። ቃለ ጉባኤውን ፎቶ አንስተሽ ልትልኪልኝ ትችያለሽ? የአባላት ስም ያለበትን ሸፍኚው።

---

የእድር ጸሐፊ

ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ።

ትናንት ሌሊት ጡሩንባው ተነፋ። ከታች ሰፈር አንዲት እናት አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር። ዕቃ ቤቱን ስከፍት ሰብሳቢው እጅጌያቸውን ሰብስበው በር ላይ ቆመው ነበር። ብርጭቆ ቆጥረን አወጣን፤ አሥራ ሁለት ደርዘን ሆነ። ሮቶው ገና አልተገዛም፤ ከሁለት ቤት በርሜል ተውሰን ነው ያጠብነው።

---

ነርሷ

ነፍስ ይማር። በርሜሉ ክዳን አለው?

---

የእድር ጸሐፊ

አንዱ አለው። ለሌላኛው ሰፌድ ከድነንበታል። ነገ ክዳኑን አሠራለሁ።